ለጅማ ነጋዴዎች ስለሚሸጠው የዶት ኢቲ ተስፋ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጅማ ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያዎች፣ ለቡና ላኪዎች፣ ለክሊኒኮች፣ በርጩማና ወንበር ለሚሠሩ የእንጨት ባለሙያዎች ድረ-ገጽ ስሠራና ስጠብቅ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በከተማችን ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተዛመተ ያለ አንድ የሽያጭ ቃል ነው። ቃሉ «የድረ-ገጻችሁን አድራሻ ከዶት ኮም ወደ ዶት ኢቲ ቀይሩ፣ ሰርቨሩንም (ድረ-ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ከውጭ አገር አውጥታችሁ አዲስ አበባ አስቀምጡ፣ ጉግል ላይ አንደኛ ትወጣላችሁ» ይላል። እውነት ያለበት ንግግር ባይሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ ስህተት ስለሆነ፣ ሰዎች እውነቱን ሲሰሙ ስህተቱንም አብረው ይቀበላሉ፤ በዚህም ለዓመታት የገነቡትን የንግድ ስም ያጣሉ። ይህ በገዛ ቤተሰቤ ደርሷል።

ታናሽ እኅቴ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደሚገኝበት ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላት። በ2008 ዓ.ም. ድረ-ገጽዋን በዶት ኮም አድራሻ የሠራሁላት እኔ ነበርኩ። ገጹ የተራቀቀ አልነበረም፤ የክፍሎቹን ፎቶግራፍ፣ ዋጋውን፣ ስልኩንና ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዴት እንደሚመጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ነበረው። ይሁን እንጂ በሰባት ዓመት ውስጥ ያረፉባት እንግዶች በጉዞ ማስታወሻዎቻቸው፣ ለቡና ጥናት የመጡ ባለሙያዎችም በየገጾቻቸው አድራሻውን እየጠቀሱላት፣ ስለ ጅማ ማረፊያ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ የሚያገኛት ቤት ሆነች። በ2015 ዓ.ም. እኔ ለሥራ አዲስ አበባ በቆየሁበት ጊዜ አንድ ሻጭ መጥቶ ከላይ የጠቀስኩትን ቃል ነገራት፤ ከፈለችው። አዲስ ዶት ኮም ዶት ኢቲ አድራሻ አወጣላት፣ ገጹንም በአዲስ መልክ ሠርቶ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ አስቀመጠው። የቀድሞውን አድራሻ ግን «ከእንግዲህ አያስፈልግሽም» ብሎ ሳይታደስ እንዲቀር አደረገ። ወደ ጅማ ስመለስ የነገረችኝን አልረሳውም፦ «ጋሼ፣ የቤቴን ስም ጉግል ላይ ስጽፍ የማላውቀው ነገር ይወጣል።» የቀድሞውን አድራሻ ሌላ ሰው ገዝቶት፣ ከእንግዳ ማረፊያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ማስታወቂያ ለጥፎበት ነበር። አዲሱ አድራሻ ደግሞ ማንም የማያውቀው፣ ማንም ያልጠቀሰው፣ እንደ ትናንት ተከል ችግኝ ነበር።

በመጀመሪያ ትክክል የሆነውን ክፍል ልናገር። ዶት ኢቲ የኢትዮጵያ የአገር መለያ ነው። ሁለቱ ፊደላት የተወሰዱት ለእያንዳንዱ አገር ሁለት ፊደል ከሚመድበው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ሲሆን፣ መለያው ለአገራችን የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ዛሬ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በሥሩ ለንግድ ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ለትምህርት ተቋማት ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ፣ ለማኅበራት ዶት ኦርግ ዶት ኢቲ የተባሉ ክፍሎች አሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ድረ-ገጽም በዶት ኢዱ ዶት ኢቲ የተመዘገበ ነው። ጉግል ለድረ-ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው የአገር መለያ አንድ ገጽ ለየትኛው አገር ሰዎች እንደታሰበ የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ዶት ኢቲ ያለው ገጽ ለእርሱ የተዘጋጀ መሆኑን ጉግል ያለ ጥርጥር ይረዳል። ሻጮቹ እስከዚህ ድረስ አልዋሹም።

ነገር ግን ምልክቱ የሚናገረው «ይህ ገጽ ለኢትዮጵያ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ገጹ ጠቃሚ ስለመሆኑ፣ መልስ ስለመስጠቱ ወይም እምነት የሚጣልበት ስለመሆኑ አንዳች አይናገርም። በጅማ የሚገኙ አሥር ክሊኒኮች ሁሉም ዶት ኢቲ ቢይዙ፣ አሥሩም እኩል «የኢትዮጵያ ነን» ብለዋልና አንዱ ከሌላው አይቀድምም፤ የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ ጉግል የአንድን ገጽ አገር የሚያውቀው ከአድራሻው ብቻ አይደለም። በገጹ ላይ የተጻፈው ስልክ በ251 የሚጀምር መሆኑን፣ ዋጋው በብር መሆኑን፣ ጽሑፉ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መሆኑን፣ ሌሎች የኢትዮጵያ ድረ-ገጾች ወደዚያ ገጽ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ማድረጋቸውን፣ ድርጅቱም በጉግል ካርታ ላይ መመዝገቡን ይመለከታል። የእኅቴ ዶት ኮም ገጽ እነዚህን ሁሉ ያሟላ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የተጠራጠረ የፍለጋ ሞተርም አልነበረም።

አንዳንድ ሻጮች «ቀድሞ የዶት ኮም ባለቤት የሚፈልገውን አገር፣ የድረ-ገጽ ባለቤቶች ገጻቸው በፍለጋ እንዴት እንደሚታይ በሚከታተሉበት በጉግል ሰርች ኮንሶል መምረጥ ይችል ነበር፣ ያ ስለተነሣ አሁን ያለው አማራጭ የአገር መለያ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። መምረጫው እ.ኤ.አ. በ2022 መነሣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው ሌሎቹ ምልክቶች በቂ ሆነው ስለተገኙ ገጾቹ አገር አልባ አልሆኑም።

በዚህ አጋጣሚ ፊደላቱን በማምታታት ሲፈጸም ያየሁትን አንድ ስህተት ማንሣት እወዳለሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ጽሑፍ በተለያዩ ቋንቋዎች ሲቀርብ የትኛው ገጽ ለየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚነገርበት ኤችሬፍላንግ የተባለ ምልክት ይቀበላል። በዚያ ምልክት ውስጥ የአማርኛ መለያ «ኤኤም»፣ የአፋን ኦሮሞ መለያ ደግሞ «ኦኤም» ነው። እነዚህ የቋንቋ መለያዎች ናቸው። በዶሜይን ስም (በድረ-ገጽ አድራሻ) መጨረሻ ላይ ሲመጡ ግን ትርጉማቸው ፈጽሞ ይለወጣል፤ ዶት ኤኤም የአርሜንያ፣ ዶት ኦኤም የኦማን የአገር መለያ ነው። «አማርኛ ነው» ተብሎ ዶት ኤኤም የገዛ ሰው አጋጥሞኛል። ለገጹ ኢትዮጵያዊነት ሊጠቅመው ቀርቶ፣ ጉግል ገጹ ለአርሜንያ ሰዎች የታሰበ እንዲመስለው የሚያደርግ ገንዘብ ከፍሏል።

የአገር መለያ ሆነው ሳለ ጉግል እንደ ዓለም አቀፍ መለያ የሚቆጥራቸው ጥቂት አድራሻዎችም አሉ። የቱቫሉ የሆነው ዶት ቲቪ፣ የሞንቴኔግሮ የሆነው ዶት ኤምኢ፣ የኮሎምቢያ የሆነው ዶት ሲኦ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የአንጉይላ የሆነው ዶት ኤአይም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቶች በብዛት ስለተሸጠ እ.ኤ.አ. በ2023 ከእነርሱ ጋር ተቆጥሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰዎች በገፍ የሚጠቀሙባቸው ከአገሩ ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው ስለሆነ መለያው ስለ አገር መናገሩን አቁሟል። ዶት ኢቲ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። ለእኔ ይህ የዶት ኢቲ ክብር ነው፤ ለአንዳንድ ነጋዴ ግን ማሰሪያ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያው ልምጣ።

የጅማ ቡና ላኪ ገዥው ማን ነው? ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከማና የሚሰበሰበውን ቡና በጀርመን፣ በጃፓንና በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶችና አስመጪዎች ይገዙታል እንጂ ድረ-ገጹን ከጅማ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ኮንቴነር አያዝም። እንዲህ ላለ ላኪ ዶት ኢቲ ብቻ ይዞ መቆም፣ ጉግል ገጹን በዋናነት ለኢትዮጵያ ፈላጊ የታሰበ አድርጎ እንዲያየው ያደርጋል። ሐምቡርግ ላይ ስለ ሊሙ ቡና የሚጠይቅ ሰው ገጹን ፈጽሞ አያገኘውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ላኪው ሊያገኘው የሚፈልገውን ሰው በሚመለከት አድራሻው አይረዳውም። ለእርሱ የሚሻለው አንድ ዶት ኮም ይዞ፣ በሥሩ የእንግሊዝኛ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ክፍሎችን ለይቶ፣ ከላይ ያነሣሁትን የቋንቋ ምልክት በየገጹ ማስቀመጥ ነው። በአንጻሩ ለጅማና ለአካባቢዋ ነዋሪ የቆመ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የመኪና መለዋወጫ መደብር ወይም የቤት ዕቃ ሠሪ ገና አዲስ አድራሻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ዶት ኮም ዶት ኢቲ ውሰድ እለዋለሁ። አድራሻውን የሚያየው ሰውም ኢትዮጵያዊ ድርጅት መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ ይህ ከጉግል ምልክት ያላነሰ ዋጋ አለው። የእኅቴ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት እንግዳ የሚያስተናግድ፣ ከውጭም ከአገር ውስጥም ሰው የሚያርፍበት ስለሆነ፣ ይዛው የነበረውን ዶት ኮም የምትለቅበት ምንም ምክንያት አልነበራትም።

ዶት ኮፊ የሚል መለያ መኖሩን የሰሙ የቡና ነጋዴዎችም ጠይቀውኛል። መለያው አለ፤ መግዛትም ይቻላል። ጉግል ግን እንዲህ ያሉትን አዳዲስ መለያዎች እንደ ዶት ኮም ሁሉ እኩል እንደሚያይ፣ በመለያው ውስጥ ያለው ቃልም ለደረጃ ብልጫ እንደማይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አስታውቋል። ስሙ ስላማረው የሚገዛ ይግዛ፤ ደረጃ እገዛለሁ ብሎ የሚከፍል ግን ይታለላል።

አሁን ወደ ሰርቨሩ ልሂድ፤ ሻጮቹ በብርቱ የሚገፉት ይህኑ ነውና። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ስለተቀመጠ ብቻ ጉግል ገጹን ከፍ ያደርገዋል የሚለው አባባል የትም አያደርስም። የጉግል መመሪያ የሰርቨር ቦታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ቢጠቅስም፣ ወሳኝ አለመሆኑን አብሮ ይናገራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ብዙ ድረ-ገጾች ሲዲኤን በሚባለው አሠራር ግልባጫቸውን በዓለም ዙሪያ ባሉ በርካታ ከተሞች ያስቀምጣሉ፣ ሌሎችም የተሻለ መሠረተ ልማት ፍለጋ ከአገራቸው ውጭ ያርፋሉ። የአንድ ገጽ ግልባጭ ናይሮቢም ፍራንክፈርትም ሙምባይም ካለ፣ ሰርቨሩ ያለበት አገር ስለ ባለቤቱ ምን ይነግራል?

ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ያለበት ቦታ በሌላ መንገድ፣ በፍጥነት በኩል፣ ይነካል፤ ይህን ክፍል ሻጮቹ አስረድተው አያውቁም። ብርሃን በፋይበር መስመር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደርሶ መልሱ 4 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ፍራንክፈርት ግን በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ባሕር አልባ እንደመሆናችን መስመራችን በጎረቤት አገሮች አልፎ ወደ ባሕር ገመድ ስለሚገባ፣ ደርሶ መልሱ በምንም ዓይነት ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አንድ ገጽ የመጀመሪያውን ፊደል ከማሳየቱ በፊት የአድራሻውን ስም ለመጠየቅ፣ ግንኙነቱን ለመክፈት፣ የምስጢር ቁልፉን ለመለዋወጥ፣ ከዚያም ገጹን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አራት ያህል ደርሶ መልስ ያደርጋል። ስለዚህ ጅማ ላለ ሰው የአገር ውስጥ ሰርቨር ቢያንስ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ያተርፋል። ትርፍነቱን አልክድም።

ጉግል ፍጥነትን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለኮምፒውተር፣ ከ2018 ጀምሮ ለስልክ ፍለጋ ከመመዘኛዎቹ አንዱ አድርጎታል። የሚለካውም በክሮም መክፈቻ ገጹን ከጎበኙ እውነተኛ ሰዎች ባለፉት 28 ቀናት ከተሰበሰበ መረጃ ነው፤ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈለጋል። ጎብኚዎቹ ጅማ፣ አጋሮና በደሌ ሆነው በስልክ ዳታ የሚከፍቱት ከሆነ፣ የገጹ ውጤት የሚወሰነው በእነርሱ ስልክና በእነርሱ መስመር ላይ ነው። እንግዲህ የቀረበ ሰርቨር በዚህ በኩል ያግዛል። ነገር ግን ጎብኚው ጥቂት የሆነ ገጽ መረጃው ስለማይሞላ ከነጭራሹ አይለካም፤ ለተለካውም ቢሆን ፍጥነት ከይዘት በታች ያለ መመዘኛ ነው። ከሁሉም በላይ የጅማን ድረ-ገጾች የሚያዘገያቸው ርቀት አይደለም። ሻጩ ለእኅቴ በሠራላት አዲስ ገጽ ፊት ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ከካሜራ እንደወጣ የተቀመጠ፣ 4 ሜጋባይት የሚመዝን ነበር። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ ስልክ ይህ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ 8 ሰከንድ ይፈጃል። ሰርቨሩን አዲስ አበባ አምጥቶ ያተረፈላትን ሁለት አሥረኛ ሰከንድ በአንድ ሥዕል አርባ እጥፍ አድርጎ አጠፋው። ፎቶግራፉን ወደ 150 ኪሎባይት ለማውረድ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

አገር ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስከትለው ሌላም ነገር አለ። ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ሮቦት በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ወደ ውጭ የሚያገናኘው መስመር ሲቋረጥ ሮቦቱ የአዲስ አበባውን ሰርቨር አያገኘውም። የሰዓታት መቋረጥ አይጎዳም፤ ተመልሶ ይሞክራል። መቋረጡ ለብዙ ቀናት ከቀጠለ ግን ጉግል መጀመሪያ ጉብኝቱን ይቀንሳል፣ በኋላም ገጾቹን ከመዝገቡ ማውጣት ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፣ ውጭ የተቀመጡ ገጾች እኛ ማየት ባንችልም ለዓለም ክፍት ሆነው ቆይተዋል። ቡናውን ለውጭ የሚሸጥ ሰው ይህን ሳያስብ ሊወስን አይገባም።

ይህን ስል አገር ውስጥ ሆስቲንግ (ድረ-ገጽ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ) የሚሰጡትን ለማጥላላት አይደለም፤ እንዲያውም እንዲበረቱ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉና ራክሲዮን የመሳሰሉ፣ ሰርቨሮች የሚቀመጡባቸው ዳታ ሴንተሮች መከፈታቸው የሚያስደስት ነው። በብር መክፈል መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ በዶላር የሚታደስ ሆስቲንግ ለጅማ ነጋዴ ሸክሙ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ካርድ ስለሌለው የማደሻ ቀን ያለፈበት፣ በዚህም ዶሜይኑን ሊያጣ የደረሰ ደንበኛ ነበረኝ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ደውሎ የሚያናግሩት ባለሙያ ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ የመሸጫ ምክንያቶች ናቸው፤ አንድ ሻጭ እነዚህን ቢናገር ደንበኛው በደስታ ይከፍለዋል። ለምን የጉግልን ደረጃ ቃል እንደሚገባለት አይገባኝም።

ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ውጤት የሚያቀርበው ፈላጊው በጻፈው የጉግል አድራሻ ሳይሆን ባለበት ቦታ መሠረት ነው። በ2025ም የየአገሩን የጉግል አድራሻ፣ የኢትዮጵያውን ጭምር፣ ወደ ዋናው ጉግል ዶት ኮም እንደሚያዞር አስታውቋል። ስለዚህ ጅማ ላይ ቆሞ «ማረፊያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው በመጀመሪያ የካርታ ውጤት ነው። በካርታው ላይ ጉግል የሚመዝነው ድርጅቱ ከጥያቄው ጋር ያለውን ዝምድና፣ ከፈላጊው ያለውን ርቀትና የድርጅቱን ታዋቂነት ነው። በከተማችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙ ሰው ስለማይጠቀም ምልክቱን በካርታው ላይ በትክክለኛው ቦታ መትከል፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልኩን መሙላት፣ ለእንግዶች አስተያየት መልስ መስጠት ማንኛውም ባለቤት በነጻ ሊያደርገው የሚችል ነው። በርካታ የጅማ ድርጅቶች ምልክታቸው በተሳሳተ ቦታ፣ አንዳንዶቹም ወንዙን ተሻግሮ፣ ተተክሎ አይቻለሁ።

ከዚያም ጽሑፉ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ወጥ መንገድ በሚለዩበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተደረቡ ስለነበሩ፣ በእነርሱ የተጻፈ ገጽ ለሰው ዓይን አማርኛ ቢመስልም የፍለጋ ሞተር የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ቁርጥራጭ ነው። ዛሬም ከአሮጌ ሰነድ እየገለበጡ የሚለጥፉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የአገልግሎት ዝርዝራቸውንና ዋጋቸውን በሥዕል ላይ አስጽፈው ሥዕሉን ብቻ ይሰቅላሉ፤ በገጹ ላይ ሊፈለግ የሚችል አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሳይኖር ዶት ኢቲ መሆኑ ምን ያደርጋል? የፊደላችን ጠባይም መታሰብ አለበት። አንዱ «ጅማ» ሲል ሌላው «ጂማ» ይላል፤ አንዱ «ቤተ መንግሥት» ሲል ሌላው «ቤተ መንግስት» ብሎ ይፈልጋል። የፍለጋ ሞተሮች ይህን እየለመዱት ቢሆንም ሁልጊዜ አያስተካክሉትም። በገጹ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ በርዕሱ ይዞ፣ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ሌላውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ አንድ ቦታ ማካተት ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። በአፋን ኦሮሞ በቁቤ የተጻፈ ክፍል መጨመርም እንዲሁ፤ በዚያ ቋንቋ የሚፈልገው የዞናችን ሕዝብ ብዙ ሆኖ ሳለ መልስ የሚሰጡት ገጾች ግን ጥቂት ናቸው።

ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላም አድራሻውን ወደ ዶት ኢቲ መቀየር የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው፣ በአግባቡ ከተሠራም አይጎዳውም። አግባቡ ግን ይህ ነው፦ ከቀድሞው አድራሻ እያንዳንዱ ገጽ ወደ አዲሱ አቻ ገጽ 301 በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ መዞር አለበት፤ ሁሉንም ወደ አዲሱ የፊት ገጽ ብቻ ማዞር አይበቃም። ለውጡም በጉግል ሰርች ኮንሶል በኩል መገለጽ አለበት። ጉግል ማዞሪያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ እኔ ግን የቀድሞው አድራሻ ባለቤቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይታደስ እላለሁ፤ የአንድ ዶሜይን የዓመት ክፍያ ሌላ ሰው በስምህ ከሚያደርስብህ ጉዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዶት ኮም የማደሻው ጊዜ ካለፈና ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ዕድል አለው። የእኅቴ ሻጭ ይህን ቢነግራት ኖሮ በዚያ ጊዜ ውስጥ እናድነው ነበር። ሌላም አለ፤ ዶሜይኑ የሚመዘገበው በሻጩ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ስምና ኢሜይል መሆኑን ከክፍያ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋዜጣችሁ የድረ-ገጽና የሆስቲንግ ማስታወቂያ ሲቀበል «በጉግል አንደኛ እናደርጋለን» የሚለውን ቃል እንዳያወጣ እለምናለሁ፤ ጉግል ራሱ ማንም ሰው የአንደኝነት ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ለድረ-ገጽ ባለቤቶች በጻፈው ምክር ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። በአምዶቻችሁም ላይ አንድ ባለሙያ፣ የግድ እኔ ሳልሆን፣ ስለ ዶሜይን ስም ባለቤትነትና ስለ አድራሻ ለውጥ ለነጋዴው በሚገባ ቋንቋ እንዲያስረዳ ብታደርጉ፣ በጅማ ብቻ ሳይሆን በነቀምቴም፣ በመቱም፣ በሚዛንም ያለ ሰው ይጠቀማል።

እኅቴ አሁን አዲሱን አድራሻ ይዛ ቀጥላለች። የካርታውን ምልክት አስተካክለናል፣ ጽሑፉን በሦስት ቋንቋ ጽፈናል። የቀድሞው አድራሻ ግን አሁንም በማናውቀው ሰው እጅ ነው፤ ለመሸጥ የጠየቀው ዋጋም የምንችለው አይደለም። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ስለ ቤትዋ የጻፉትን እንግዶች አንድ በአንድ እየፈለግን፣ ማስፈንጠሪያውን ወደ አዲሱ አድራሻ እንዲቀይሩልን በኢሜይል እንለምናለን። ከመካከላቸው ከስድስት ዓመት በፊት ለቡና ጥናት መጥታ ቤትዋ የቆየች አንዲት ተመራማሪ ባለፈው ሐሙስ መልስ ሰጥታናለች፤ ገጹንም በዚያው ቀን አስተካክላልናለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከጅማ